ሳይስቁ የማይወሰድ ጥርስ

«ለጥርስ ነው የመጡት?» አለች አዋላጇ፤ ድምጿን ዝቅ ለማድረግ እንኳ አልሞከረችም። «ዛሬ? ወንድሜ አፈር ከለበሰ ገና አምስተኛ ቀኑ እኮ ነው!»

ሽማግሌው የሳሎኑ በር ላይ ተገትረው ቀሩ። በአንድ እጃቸው ባርኔጣቸውን፣ በሌላው አፋቸውን ይዘዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ የመነሻ ሰዓት ሲያስታውቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰው ሁሉ የሚጠራቸው ጋሽ ማይክ እያለ ነው። አሁን ግን የላይኛው ድዳቸው ባዶ ነው። የሚናገሩት ሁሉ ፉጨት ተቀላቅሎበት ይወጣል።

«ለለቅሶም ነው የመጣሁት እህቴ» አሉ። «ለለቅሶም፣ ለጥርሱም። ነገ የማነበው እኔ ነኝ።»

«በድድዎ ያንብቡ።»

ግድግዳውን ተደግፈው ከተቀመጡት ለቀስተኞች አንዱን ሻዩ ትን አለው። ሌሎቹ ወለሉን ማየት ጀመሩ።

አዋላጇ ወደ ኮሪደሩ ገባች። የመጨረሻውን በር እጀታ ይዛ ነቀነቀች፤ መቆለፉን ካረጋገጠች በኋላ ቁልፉ በሹራብ ኪሷ ውስጥ መኖሩን በመዳፏ ዳሰሰች። ያ በር የወንድሟ የሥራ ክፍል ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራ ነበር። ከቀብር እንደተመለሱ የቆለፈችው እሷ ናት። ማንንም አላማከረችም፤ የቤቱን እመቤት እንኳ።

የቤቱ እመቤት ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታያለች። በከተማው የውኃ ላቦራቶሪ መርማሪ ናት። በተዋወቁበት ሰሞን ሟቹ ባሏ መሥሪያ ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ ከመስታወት ቱቦ ጠብታ በጠብታ ስትቆጥር አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ አያት። ቆጠራውን ታቋርጣለች ብሎ ቢጠብቅ አላቋረጠችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠብታ ብሎ ጠራት። ስሙም በዚያው ጸናባት።

ጠብታ አላለቀሰችም። ጠቡ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ሆስፒታል ውስጥ አላለቀሰችም፤ መቃብሩ አፍ ላይ ቆማ አላለቀሰችም፤ ቤቷም ገብታ ያው ነው። አዋላጇ ይህን ለገባው ለቀስተኛ ሁሉ ታስረዳለች። «ምሁር እኮ አያለቅስም» ትላለች፣ ሻይ እየቀዳች። «እኛ ነን ያልተማርነው የምንጮኸው። እሷማ በወረቀት ጽፋ ጨርሳዋለች።»

በሌላ በኩል ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች አሉ። ሦስት ሆነው ይመጣሉ፣ ከግራና ከቀኝ ይከቧታል፣ እጇን ይይዛሉ። «ደስ ይበልሽ እህታችን፤ ጌታ ቤት ነው እኮ ያለው» ይሏታል። በሦስተኛው ቀን ጠብታ እጇን ከመካከላቸው ቀስ ብላ አወጣች።

«እንዲህ ደስ ካላችሁ ባሎቻችሁንም ላኩለት» አለች፣ ድምጿን ሳትጨምር። «ብቻውን ነው።»

በማግሥቱ አልመጡም። ዛሬ ሲመጡም በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

አንዷ እንባዋን ትጠይቃታለች፣ ሌሎቹ ፈገግታዋን። ፊቷ የጋራ ንብረት የሆነ ይመስል። ጠብታ ለሁለቱም ወገን ምንም አልሰጠችም። የማን እንደሆነ የምታውቀው ነገር ውስጧ አለ፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አትፈልግም።

ነገሩን ሁሉ ያከረረው የነገው የመታሰቢያ ጸሎት ነው። ሟቹ ሆስፒታል ሳለ የሚነበበውን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ራሱ መርጦ፣ አንባቢውንም ራሱ መርጦ ነበር። ክፍሉ፣ ሕጉ ሲነበብላቸው ያለቀሱ ሰዎች፣ ተነሡ፣ ብሉ ጠጡ፣ ለሌለውም አካፍሉ፣ ዛሬ አትዘኑ፣ ብርታታችሁ አምላካችሁ የሚሰጣችሁ ደስታ ነው የተባሉበት ነው። አንባቢው ጋሽ ማይክ ናቸው፤ እሳቸው ካላነበቡልኝ አይነበብ ብሏል። አዋላጇ ይህን በቀብሩ ዕለት ስትሰማ የጉባኤውን ሽማግሌ አስጠርታ፣ በአመድ ላይ ተቀምጦ የተወለደበትን ቀን ስለረገመው ሰው ይነበብ ብላ ነበር። የጉባኤው ሽማግሌ መሐል ላይ ቀሩ። «ጋሽ ማይክ ጥርሳቸው ከደረሰ እንደ ኑዛዜው ይሁን፤ ካልደረሰ እንደ እርስዎ ፈቃድ» ብለው ተገላገሉ። አዋላጇም ጥርሱ ያለበትን የሥራ ክፍል ቆለፈች።

እውነቱን ለመናገር ጠብታም ያን ንባብ አልወደደችውም። ለዚህ ነው አምስት ቀን ሙሉ ስለ ቁልፉ ያልተናገረችው።

---

ጥርስ ሠሪው አንድ የማይለውጠው ሥርዓት ነበረው። ጥርሱ አልቆ፣ ተወልውሎ፣ ከባለቤቱ አፍ ገብቶ እንኳ ወዲያው አያስረክብም። መጀመሪያ «እስቲ ስድሳ ስድስት በሉ» ይላል፤ የፊቶቹ ከረዘሙ እዚያ ላይ ያፏጫሉ። ቀጥሎ ባለቀለም ወረቀት ያስነክሳል፤ የት ላይ እንደሚከብድ ቀለሙ ያሳየዋል። በመጨረሻ ያስቃል። ካልሳቁ ጥርሱ አይወሰድም።

«ለማኘክማ የትኛውም ያኝካል» ይል ነበር። «ሰው አፉን ከልቡ የሚከፍተው ሲስቅ ነው። ሳቅ ላይ ያልወደቀ ሌላ ቦታ አይወድቅም።»

አንዲት ዳኛ በዚህ ምክንያት ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። በሦስተኛው በንዴት ሊከሱት ሲዝቱ፣ «ክቡርነትዎ፣ ያለ ጥርስ ክሱን ማን ያነበዋል?» ቢላቸው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ጥርሳቸውንም ይዘው ሄዱ።

ጋሽ ማይክ የመጡት ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። ጥርስ ሠሪው በዚያን ጊዜ ቢጫ ሆኗል፤ በቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ስድሳ ስድስቱ አለፈ፣ ወረቀቱም አለፈ። ሳቁ ግን እምቢ አለ። ሰውየው ሦስት ቀልድ ቀለደላቸው፤ ሽማግሌው ግን የእጁን አንጓ ቅጥነት አይተው እንባቸው መጣ።

«ዛሬ አይሆንም ጋሼ» አላቸው። «ሌላ ቀን ይምጡ።» ጥርሱንም ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ መልሶ ከተተው። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ገባ።

እዚያም ያው ነበር። ነርሶቹን ያስቃል፣ ባልጋው ላይ ሆኖ ይዘምራል። ሆዱን ተቀዶ አጠገቡ የተኛው ሰውዬ፣ «ኧረ በእግዚአብሔር ተወኝ፣ ስፌቴን በጠስከው!» እያለ ይለምነዋል። ጠብታ ይህን ሁሉ ጠላችው። እሱ በሳቀ ቁጥር ጥሏት የሚሄድ መሰላት፤ ከሷ ርቆ፣ እሷ የማትገባበት አንድ ቤት ውስጥ ሲጫወት በር ላይ ቆማ የምትሰማ መሰላት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠያቂዎቹ ሲወጡ ጠብቃ፣

«ለማን ነው የምትስቀው?» አለችው። «አንተማ እየዘመርክ ትሄዳለህ። የምቀረው እኔ ነኝ።»

ሳቁን ተወ። 

«የማልፈራ መሰለሽ? ሐኪሙ ገና በሩን ሲከፍት አንሶላውን ጨምድጄ እይዛለሁ። ግን ክፍሉን በሙሉ ፍርሃት እንዲወርሰው አልፈልግም። ጌታን ሳመሰግን ደስ ይለኛል፤ ደስ ሲለኝ ጉልበት አገኛለሁ። ሌላ ጉልበት የለኝም ጠብታ። እያየሽኝ ነው፤ ማንኪያ እንኳ ይከብደኛል።»

«እኔ ግን ደስ አይለኝም።»

«አውቃለሁ» አለ። «ላንቺም ይተርፋል ብዬ ነው የማበዛው።»

---

ጋሽ ማይክ የሳሎኑ በር ላይ እንደቆሙ ባርኔጣቸውን ደፉ። «ይቅርታ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው ወደ ደጁ ዞሩ። ያ ለሺህ መንገደኛ የሚበቃ ድምፅ ከከንፈራቸው አላለፈም። አፋቸውን የሸፈኑበት እጅ ከፊታቸው አልወረደም፤ እንደ ሌባ ነበር የሚወጡት።

ጠብታን ያስነሳት ይህ ነው።

«ጋሼ፣ ይቆዩ» አለች። ሳሎኑ ሁሉ ቀና አለ። «እትዬ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የሥራ ክፍሉን። ውኃው መቀየር አለበት።»

«የምን ውኃ?»

«ጥርሱ ያለበት። ካልቀየርኩት አምስት ቀን ሆኖታል።»

አዋላጇ እጆቿን አጨበጨበች። «ስሙልኝ! ወገን ስሙልኝ! ባሏ ሞቶ የሚያሳስባት ውኃ ነው! የከተማውን ውኃ በሙሉ በጠብታ ስትመረምር፣ የባሏ ዓይን ቢጫ መሆኑን ያየው ማነው? እኔ! ለሁለት ቀን እንግድነት መጥቼ! እሷ ምሁሯ በየቀኑ አንድ ገበታ እየቀረበች አላየችም!»

 ነገሩ እውነት ነበር። ጠብታ በየማለዳው ከአልጋዋ ሳትነሳ ለራሷ የምትለው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ በከፋ ቃል። የዓይኑ ቢጫነት የሥራ መብራቱ ቀለም መስሏት ነበር። አሁን ከሌላ ሰው አፍ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሲወጣ ስትሰማው፣ ተሰብራ ትወድቃለች ብላ ጠበቀች። አልወደቀችም። እጇን ዘረጋች።

«እትዬ፣ ቁልፉን።»

«እናታችን ስትሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበር!» አዋላጇ ወደ ለቀስተኞቹ ዞረች፤ ድምጿ ግን ተሰነጠቀ። «በጀርባዬ ነው ያደገው። እኔ ሳለሁ ማን ናትና ነው ይህች...»

ጠብታ እጇን አላጠፈችም።  የቆጠራ ሰው ናት፤ እጇን ሳታነቃንቅ መቆም የዕለት ሥራዋ ነው። ቆመች። ሻይ ቀዘቀዘ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ሰዓቱን አይቶ በእጅጌው ሸፈነው። በመጨረሻ አዋላጇ ቁልፉን ከኪሷ መዝዛ በብርጭቆዎቹ መካከል ሰሃኑ ላይ ወረወረችው።

«ውሰጂ! ግን ነገ ያ ነገር ከተነበበ እኔ እዚያ የለሁም። ወንድሜ ሞቶ ብሉ ጠጡ ሲባል ቁጭ ብዬ አልሰማም!»

---

ክፍሉ የጄሶ ሽታ ነበረው። በመደርደሪያው ላይ የሰው ሁሉ መንጋጋ በጄሶ ተሠርቶ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ላይ በእርሳስ የባለቤቱ ሥራ ተጽፏል፦ ሾፌሩ፣ ዳኛዋ፣ ሥጋ ሻጩ። ጠብታ ትኩር ብላ አላየችም። ብርጭቆውን አንሥታ አሸተተች፤ ውኃውን ደፋች፣ ጥርሱን አጠበች፣ እጇንም ታጠበች። ከዚያ እሱ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ማይክ ተከትለዋት ገብተው የደንበኛውን ወንበር ይዘዋል፤ ሌላ መቀመጫ ቢኖር በርጩማውን ትተወው ነበር።

ለዓመታት በዕረፍቷ ቀን ዱቄቱንና ፈሳሹን የምትመጥንለት እሷ ነበረች። ሲያስረክብም አይታለች። ቅደም ተከተሉን ታውቃለች።

«ይክፈቱ» አለች። ጥርሱን አስገብታ በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ገፋችው። «ስድሳ ስድስት ይበሉ።»

«ስድሳ ስድስት» አሉ ጋሽ ማይክ፤ ራሳቸውም ደነገጡ። ፉጨቱ የለም። «ስድሳ ስድስት! ስድሳ ስድስት!»

«አንዴ ይበቃል።» ወረቀቱን አስነከሰቻቸው። ቀለሙ ግራና ቀኝ እኩል ነበር። «አሁን ይሳቁ።»

ሽማግሌው በሩን አዩ። ከበሩ ወዲያ ያለውን ሳሎን አሰቡ። «እዚህ? ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ነው እኮ።»

«ሳይስቁ አይወሰድም። ሕጉን ያውቁታል።»

ጋሽ ማይክ ጀርባቸውን አቀኑ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «ሃ፣ ሃ፣ ሃ» አሉ።

«ይሄ ሳቅ አይደለም ጋሼ፣ የመነሻ ሰዓት ማስታወቂያ ነው።»

«ታዲያ ምን ልሁን? እሱ እንኳ አልቻለኝም።»

ጠብታ የተነከሰውን ወረቀት አነሳች። ቀልድ አታውቅም። ቀልድ የእሱ ክፍል ነበር። አንድ ብቻ አላት፤ እሱንም ለማንም አልነገረችውም።

«የመጨረሻው ቀን ጠዋት» አለች፣ ጥርሱ ላይ ዓይኗን ተክላ፣ «ጠጋ በይ አለኝ። ኑዛዜ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። ‘አንድ ነገር አሳስቦኛል’ አለ። ‘ምን?’ አልኩት። ‘ጥርስ ማፋጨት ያለው የት ነው?’ አለኝ። ‘ሲኦል ነዋ’ አልኩት። ‘አየሽልኝ? ሥራው ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ደንበኛ በደንበኛ! ጌታ ደግሞ በምሕረቱ እኔን ላይኛው ቤት ሊያስገባኝ ነው። እዚያ የሚያፋጭ የለ፣ የሚጎድልበት የለ። ከነሙያዬ ሥራ ፈት ልሆን ነው እኮ!’»

ጋሽ ማይክ መጀመሪያ ዓይናቸው ፈጠጠ። ከዚያ ትከሻቸው ተነቃነቀ። ከዚያ ያ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ያስነሳ ድምፅ ከሆዳቸው ፈንቅሎ ወጣ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት መንጋጋዎች ተንቀጠቀጡ። ጠብታ ሥራው እንደሚያዘው ሰውየውን ሳይሆን ጥርሱን ነበር የምታየው። አንዲት ስንጥር ታህል አልተነቃነቀም።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ሥራ ፈት! ወይ አንተ ልጅ! አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምንም።» ወረቀቱን አጠፈች፣ እንደገና አጠፈች። «አልሳቅሁለትም። ፊቴን አዙሬ የግሉኮሱን ፍጥነት አስተካከልኩ። ከዚያ ተኛ። አልነቃም።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አወረዱ።  ጠብታ ግን ያን ቃል፣ ሥራ ፈት የሚለውን፣ በራሷ አፍ ከተናገረችው በኋላ ገና ሰማችው። ሰውየው እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ የሚሠራው አጥቶ፣ ሙሉ ጥርስ ባላቸው ጻድቃን መካከል ሲንጎራደድ ታያት። ሳቋ ስድስት ቀን ዘግይቶ መጣ። ጎኗን እስኪወጋት ሳቀች። ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። ሐዘኑ ከቦታው ፈቀቅ አላለም፤ እዚያው ነው፣ ክብደቱም ያው ነው። ግን የተሸከመችበት ጉልበት የራሷ እንዳልሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማት። አሁን የበር ላይ ሰው አልነበረችም። ገብታለች።

«ተመስገን» አለች፣ ቀስ ብላ። ይህን ቃል ከልቧ ካለችው ወራት አልፈዋል።

በሩ ተበርግዶ ግድግዳውን መታ።

«የሚሳቀው በማን ነው?» አለች አዋላጇ። ከኋላዋ የለቀስተኞቹ አንገት ተሰግጓል። «በወንድሜ ለቅሶ፣ በወንድሜ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ የሚሳቀው በማን ነው?»

«በእሱ ነው እትዬ» አለች ጠብታ። ፊቷ ርሷል፤ አልጠረገችውም። «ያሳቀን እሱ ነው።»

«ምን ብሎ?»

ነገረቻት። ሁለተኛ ጊዜ መናገር ከመጀመሪያው ቀለላት። የአለመሳቋንም ነገር አልደበቀችም። አዋላጇ ከንፈሯን ጥብቅ አድርጋ አዳመጠች፤ አንድ ጊዜ ብቻ አገጯ ተንቀጠቀጠ።

«ሞኝ» አለች። «በልጅነቱም እንዲሁ ነበር። ልገርፈው ስነሳ ያስቀኛል፤ አለንጋው ከእጄ ይወድቃል።» ከዚያ እንዳፈረች ሁሉ ራሷን ቀና አደረገች። «እኔ አልስቅም! ነገም አልመጣም። የሳቃችሁትን ሳቁ።»

ወጣች። የጫማዋ ድምፅ ኮሪደሩ መሐል ላይ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ቀጠለ።

---

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ጠብታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። በስተቀኟ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዋ አለ። ከጠዋት ጀምሮ አራት ሰዎች ጎንበስ ብለው «ሰው አለው?» ብለው ጠይቀዋታል፤ ለአራቱም «አዎ» ብላለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች አንዷ ይህን ስትሰማ ልትናገር ቃጣት፤ የጠብታን ፊት አይታ ተወችው።

ተዘመረ። ጠብታ የመጀመሪያውን መዝሙር አልዘመረችም። ሁለተኛውን፣ እሱ ባልጋው ላይ ይዘምረው የነበረውን፣ ከመሐሉ ገባችበት። ድምጿ ሻካራ ነበር፤ አንድ ሁለት ቦታም ተቋረጠባት። ቀጠለች።

ጋሽ ማይክ ወደ ፊት ወጡ። ማይክራፎኑን በእጃቸው ገፋ አደረጉት፤ አያስፈልጋቸውም። ማንበብ ጀመሩ። ሕዝቡ ያለቀሰበትን አነበቡ፤ ቃሉ ጥርት ብሎ፣ አንድም ሳያፏጭ፣ እስከ ኋላው ግድግዳ ድረስ ሄደ። ተነሡ የሚለው ጋ ሲደርሱ በሩ ተከፈተ።

አዋላጇ ናት። ጥቁር ለብሳ፣ መንጋጋዋን ነክሳ ገባች። ቦታ ፈለገች፤ የኋላው ሞልቷል፣ ጎንና ጎኑ ሞልቷል። አንድ ወጣት ሊነሳላት ሲል በእጇ ከለከለችው። በመተላለፊያው መሐል ለመሐል፣ ንባቡ ላይ ጫማዋን እያስጮኸች፣ እስከ ሁለተኛው ረድፍ መጣች። ጠብታን ከላይ ወደ ታች አየቻት።

«ሰው አለው?» አለች፣ እንደ ጠብ።

ጠብታ ወንበሩን አየችው። ጋሽ ማይክ ያነባሉ። ከዚያ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳችና በሁለት እጇ ጉልበቷ ላይ አቀፈችው።